ተነቦ ሊጣል የታተመ ወረቀትና በውስጡ የተረሳችው ኢትዮጵያ

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አስታውንዲንግ ሳይንስ ፊክሽን» የተባለው የኒውዮርክ መጽሔት በ1944 የማርች እትሙ ላይ አንድ አጭር ልቦለድ አወጣ። ደራሲው ክሊቭ ካርትሚል፣ ርዕሱ «ዴድላይን» ነው። ታሪኩ በሌላ ፕላኔት ላይ በሚካሄድ ጦርነት መሐል ይጀምርና ከዩራኒየም 235 ስለሚሠራ ቦምብ ያወራል። ሂሮሺማ ልትቃጠል ገና 17 ወራት ይቀሩ ነበር። ኋላ ቦምቡ እንዲጣል ያዘዘው ሃሪ ትሩማን እንኳ ያን ጊዜ በሎስ አላሞስ ምን እየተሠራ እንደሆነ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ የጦሩ የፀረ ስለላ ሰዎች የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ካምቤል ቢሮ ደረሱ። ምስጢሩን ማን አወጣ? የካምቤል መልስ አጭር ነበር፤ መረጃው ሁሉ ከጦርነቱ በፊት በግልጽ ከታተሙ የሳይንስ ጽሑፎች የተለቀመ ነው። ጨምሮም፣ መጽሔቱ ስለ አቶም መጻፉን በድንገት ቢያቆም ዝምታው ራሱ ለጠላት ምልክት እንደሚሆን ነገራቸው። ክርክሩ ሠራለት፤ መጽሔቱም አልተዘጋም።

ለሰላዮች ጉዳይ የነበረው ይህ መጽሔት ለቤተ መጻሕፍት ጉዳይ አልነበረም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን ኅትመት ደጃቸው አያስደርሱትም ነበር። 25 ሳንቲም የሚሸጥ፣ ሽፋኑ ላይ ጭራቅና ሮኬት የተሣለበት፣ ባቡር ላይ ተነቦ ወንበር ላይ የሚተው ነገር ነው። ዛሬ ያን የማርች እትም ከነሽፋኑ ማግኘት የሚቻለው ያን ጊዜ «ቆሻሻ ሰብሳቢ» ተብለው በተሣቁ ሰዎች ምክንያት ነው።

ፈረንጆቹ እነዚህን መጽሔቶች «ፐልፕ» ይሏቸዋል። ስሙ የመጣው ከይዘታቸው ሳይሆን ከወረቀታቸው ነው፤ ፐልፕ ማለት ወረቀት የሚሠራበት የተፈጨ እንጨት ነው። ነገሩን የጀመረው ፍራንክ መንሲ የተባለ አሳታሚ ነው። በ1882 የልጆች ጋዜጣ ብሎ ያቋቋመውን «አርጎሲ» ቆይቶ ሙሉ በሙሉ የልቦለድ መጽሔት አደረገው፤ በ1896 ደግሞ ገበያ ላይ ባለው እጅግ ርካሽ ወረቀት ማተም ጀመረ። ስሌቱ ቀላል ነው። ሠራተኛው ሕዝብ ማንበብ ለምዷል፤ ጥሩ መጽሔት ግን ውድ ነው። ወረቀቱን አርክሰህ፣ ሥዕሉን ከውስጥ አውጥተህ ሽፋን ላይ ብቻ ብታደርገው፣ ከመቶ ገጽ በላይ ታሪክ በ10 ሳንቲም መሸጥ ትችላለህ። መንሲ በዚህ ሀብታም ሆነ። ሌሎችም ተከተሉት።

በ1930ዎቹ በአሜሪካ ኪዮስኮች ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ መጽሔቶች በአንድ ጊዜ ይሸጡ ነበር። የካውቦይ አለ፣ የመርማሪ አለ፣ የፍቅር አለ፣ የባቡር ሠራተኞች ታሪክ ብቻ የሚያወጣም ነበር። በ1929 «ዜፔሊን ስቶሪስ» የሚባል፣ ስለ አየር መርከብ ብቻ የሚተርክ መጽሔት ወጥቶ ከጥቂት እትሞች በኋላ ሞቷል። አየር መርከብን ብቻ ይዞ መጽሔት ማቆም የሚያስብ ሰው መኖሩ ገበያው ምን ያህል ሰክሮ እንደነበር ያሳያል። ዛሬ የዚያ መጽሔት አንድ ቅጂ የተገኘ እንደሆነ ሰብሳቢዎች እንቅልፍ ያጣሉ።

ደራሲው የሚከፈለው በቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ቃል አንድ ሳንቲም፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ስለዚህ መጻፍ እንደ ቀን ሥራ ሆነ። ዋልተር ጊብሰን «ዘ ሻዶ» ለተባለው መጽሔት ከታተሙት 325 ረጃጅም ታሪኮች 282ቱን ብቻውን ጽፏል። እንዲህ ባለ ፍጥነት የተጻፈ ነገር አብዛኛው ገለባ መሆኑ አይቀርም፤ ገለባም ነው። ሰብሳቢዎች ይህን ሲክዱ መስማት ያስቃል። ነገር ግን ከዚያው ገለባ ውስጥ ታርዛን በ1912 «ኦል ስቶሪ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ዳሺል ሃሜት «የማልታው ጭልፊት»ን መጀመሪያ ያወጣው በ1929 እና 1930 «ብላክ ማስክ» በተባለው የመርማሪ መጽሔት በተከታታይ ነው። ሬይመንድ ቻንድለርም ከነዳጅ ኩባንያ ሥራው ተባሮ መተዳደሪያ ሲያጣ በ1933 የመጀመሪያ ታሪኩን የሸጠው ለዚሁ መጽሔት ነበር። ላቭክራፍት በ1937 በድህነት ሲሞት ሥራዎቹ «ዊርድ ቴልስ» በተባለው መጽሔት ገጾች ላይ ተበትነው ነበር። ዛሬ እነዚህ ሁሉ በዩኒቨርሲቲ ይስተማራሉ።

ታዲያ እንዴት ሊጠፉ ደረሱ? አንደኛው ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። እንጨት በማሽን ተፈጭቶ ብቻ ወረቀት ሲሆን ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ውስጡ ይቀራል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱ ይቢጫል፣ ይቡናማል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። ወረቀቱ ቀለም እንዳይመጥ የሚጨመርበት አሉምም አሲድ ይፈጥራል። የድሮ ፐልፕ መጽሔት የገለጠ ሰው ጭኑ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ያገኛል፤ ሰብሳቢዎች ምንጣፋቸውን በየጊዜው ይጠርጋሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ንግዱ ራሱ ነው። ያልተሸጠ እትም ሲመለስ መጽሔቱን መልሶ ማጓጓዝ ኪሳራ ስለሆነ ባለሱቁ ሽፋኑን ቀዶ ለአከፋፋዩ ይልካል፤ የቀረው ይጣላል። በሕግ የሞተ መጽሔት ይሆናል ማለት ነው። ሦስተኛው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ወረቀት በራሽን ሆነ። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ እንዲሰበስቡ ተደረገ። ከ1942 በኋላ ስንት ሺህ ቅጂ በአርበኝነት ስሜት ወደ ወረቀት ፋብሪካ እንደተመለሰ መገመት አያዳግትም። በመጨረሻም ቴሌቪዥንና የኪስ መጽሐፍ መጡ። ትልቁ አሳታሚ ስትሪት ኤንድ ስሚዝ በ1949 ከ«አስታውንዲንግ» በስተቀር የፐልፕ መጽሔቶቹን በሙሉ ዘጋ።

ሽፋኖቹን የሣሉት ሠዓሊዎች ዕጣ ከዚህ ይብሳል። ዘይት ቀለም በሸራ ላይ ተሥሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሽፋን ከሆነ በኋላ ሸራው ለአሳታሚው ቦታ ያጣበበ ዕቃ ነበር። በሺዎች ከሚቆጠሩት ሥዕሎች የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ሮበርት ሌሰር የተባለ የኒውዮርክ ሰብሳቢ ከየጓዳው ያዳናቸው ሸራዎች በ2003 በብሩክሊን ሙዚየም ለእይታ ሲቀርቡ፣ በኪዮስክ ተንቀው የነበሩት ሥዕሎች በሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ።

ሰብሳቢው ከየት መጣ? መልሱ ያልታሰበ ቦታ ነው፤ ከአንባብያን ደብዳቤ ገጽ። ሁጎ ገርንስባክ በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ»ን ሲያቋቁም የአንባቢ ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻው ያትም ነበር። በየከተማው ብቻቸውን የሚያነቡ ልጆች እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ፤ ከዚያ ክበብ፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያም «የጎደለህ እትም የቱ ነው?» የሚል ልውውጥ መጣ። ዛሬ ይህን በቴሌግራም ግሩፕ ለሚሠራ ትውልድ ነገሩ ግልጽ ነው።

አይዛክ አሲሞቭ የዚህ ትውልድ ልጅ ነበር። አባቱ በብሩክሊን የከረሜላ ሱቅ ነበራቸው፤ መጽሔትም ይሸጡ ነበር። ልጃቸው እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ እንዳያነብ ከልክለዋል። ልጁ ግን አንደኛው መጽሔት ስሙ ላይ «ሳይንስ» የሚል ቃል እንዳለበት አሳይቶ አስፈቀደ። አንብቦም እንዳልተነካ አድርጎ ወደ መደርደሪያው መመለስ ነበረበት፤ ለሽያጭ ነውና።

ፎረስት አከርማን ግን አልመለሰም። በ1926 ገና ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ አንድ የ«አሜዚንግ ስቶሪስ» እትም ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ለሰማንያ ዓመታት መሰብሰብ አላቆመም። በሎስ አንጀለስ የነበረው 18 ክፍል ቤቱ እስከ ጣሪያው በመጽሔት፣ በመጽሐፍና በፊልም ቁሳቁስ ተሞላ። በብዛቱ ዘመን ስብስቡ 300 ሺህ ያህል ዕቃ ደርሶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ለማንም በነፃ ይከፍታል፤ እንግዳውን ራሱ ያስጎበኛል። ከተማው ወይም አንድ ተቋም ስብስቡን እንዳለ ተረክቦ ሙዚየም እንዲያደርገው ለዓመታት ለመነ። አልሆነም። ሕመምና የፍርድ ቤት ወጪ ሲበዛበት በ2002 ብዙውን ሸጠው፤ በ2008 ከሞተ በኋላም የቀረው በጨረታ ተበተነ። ሳም ሞስኮዊትዝ የተባለው ሌላው ታላቅ ሰብሳቢና የዘርፉ ታሪክ ጸሐፊ በ1997 ሲሞትም ስብስቡ በ1999 በሶዝቢስ ጨረታ ተሸጠ።

የእነዚህ ሰዎች ስብስብ መበተኑ መጽሔት በመጽሔት ሲታይ ጥፋት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅጂ የሆነ ሰው እጅ ገብቷል። የጠፋው ትስስሩ ነው። አንድ ሰው በ60 ዓመት ውስጥ ማን ከማን በኋላ እንደጻፈ፣ የትኛው የብዕር ስም የማን እንደሆነ፣ የትኛው ታሪክ በሌላ ርዕስ ተመልሶ እንደተሸጠ እያመሳከረ የደረደረው መደርደሪያ ራሱ መዝገብ ነበር። መዝገቡ ከጨረታው ቤት በሺህ ሣጥን ሆኖ ሲወጣ ያን ዕውቀት የሚገዛ የለም።

በተቃራኒው ዕድለኛ የሆኑም አሉ። ደራሲዋ ጁዲት ሜሪል በ1970 አምስት ሺህ ያህል መጻሕፍቷንና መጽሔቶቿን ለቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች። ዛሬም እዚያው ለማንም አንባቢ ክፍት ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የሰጪው ልግስና ብቻ አይደለም፤ አንድ የሕዝብ ተቋም እሺ ማለቱ ነው።

የቀልድ መጻሕፍት ነገር ትንሽ ይለያል። ፐልፕ መጽሔቶች ሲደክሙ ቦታቸውን የያዘው በለስላሳ ሽፋን የሚታተመው የኪስ መጽሐፍ ነው። በአሜሪካ «ፖኬት ቡክስ» በ1939 በ25 ሳንቲም ጀመረው። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ከ1943 ጀምሮ አሳታሚዎችና ሠራዊቱ ተስማምተው ለወታደሮች በነፃ የሚታደሉ መጻሕፍት ማተም ጀመሩ። ከ1,300 በላይ ርዕሶች፣ ወደ 123 ሚሊዮን ቅጂ። በመጽሔት ማተሚያ ማሽኖች ስለታተሙ ቅርጻቸው ወደ ጎን የተጋደመ ነው፤ የወታደር ዩኒፎርም ኪስ እንዲገቡ ተደርገው ነው የተቆረጡት። «ዘ ግሬት ጋትስቢ» በደራሲው የሕይወት ዘመን ብዙም ያልተሸጠ መጽሐፍ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ 155 ሺህ ቅጂ ለወታደር ተሰጠ።

እዚህ ላይ የወቅታዊ ጉዳይ ተከታታዮች ፈገግ የሚሉበት ነገር አለ። በ1944 ምርጫ ሲቃረብ የአሜሪካ ምክር ቤት ወታደሩ በመንግሥት ገንዘብ የፖለቲካ ቅስቀሳ እንዳይደርሰው ብሎ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሰፊ ስለነበር ሠራዊቱ ፈርቶ የታዋቂውን ዳኛ የኦሊቨር ዌንደል ሆምስን የሕይወት ታሪክ ሳይቀር አስቀረ። ጋዜጦች ጮኹ። ሕጉ በዚያው ዓመት ላላ። ቀልዱን ግን ማንም አልከለከለም፤ የወታደሩ ሣጥን በቀልድ መጻሕፍት የተሞላ ነበር።

ከእነዚህ ቀልደኞች አንዱ ኤች. አለን ስሚዝ ነው። በ1941 ባወጣው የመጀመሪያ ተወዳጅ መጽሐፉ ተነሥቶ በጦርነቱ ዓመታት ከአሜሪካ ዋነኛ ተሻጭ ደራሲዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ አሜሪካዊ ማግኘት ከባድ ነው። ወረቀቱ አልጠፋም፤ መጽሐፎቹ በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። የሞተው ቀልዱ ነው። የ1941 ተዋናይ፣ የ1941 ፖለቲከኛ፣ የ1941 የሬዲዮ ፕሮግራም ስም ካልታወቀ ቀልዱ አይያዝም። ስለዚህ የቀልድ መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው የሚሰበስበው ሳቅ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ሕዝብ በአንድ ዘመን በማን ላይ መሳቅ ይፈቀድለት እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የእኛ የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች በቃል የኖሩት ሰውየውን ሳያውቁም ስለሚያስቁ ነው፤ የጋዜጣ ቀልድ ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም።

«ማድ» ከዚህ የተለየ ዕጣ ገጠመው። በ1952 በ10 ሳንቲም የሚሸጥ የሥዕል ቀልድ ሆኖ ጀመረ። በ1954 የምክር ቤት አባላት የልጆች ኮሚክ መጽሔት ወንጀለኛ ያፈራል ብለው አሳታሚውን ዊልያም ጌንስን በአደባባይ ጠየቁት፤ ኢንዱስትሪውም ራሱን የሚቆጣጠርበት ጥብቅ ደንብ አወጣ። ጌንስ ሌሎች መጽሔቶቹ በዚያ ግፊት ሲሞቱበት «ማድ»ን በ1955 መጠኑን አሳድጎ፣ ዋጋውን 25 ሳንቲም አድርጎ «ኮሚክ ሳይሆን መጽሔት ነው» በሚል መንገድ ከደንቡ ውጭ አወጣው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1954 መጨረሻ የቆዩ ገጾቹ በኪስ መጽሐፍ ተሰብስበው ታትመው ነበር። ያ የ35 ሳንቲም መጽሐፍ በሚቀጥሉት ዓመታት ደጋግሞ ታተመ። ቀልዱ የተረፈው በሁለት መንገድ ነው፤ በሕግ ብልሃትና በርካሽ ቅጂ ብዛት።

አሁን ገበያው ተለውጧል። ታርዛን የወጣበት የ1912 መጽሔት ያን ጊዜ 15 ሳንቲም ነበር፤ ጥሩ ቅጂ ዛሬ በጨረታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ገንዘብ ሲመጣ የሰብሳቢው ጠባይም ተለወጠ። መጽሔቱን በፕላስቲክ ሣጥን አሽገው ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ታሽጎ ነጥብ የተሰጠው መጽሔት አይከፈትም፤ የማይከፈት መጽሔት አይነበብም። የአባቱን ማስጠንቀቂያ እየፈራ ሳይነካ የመለሰው አሲሞቭ እንኳ ቢያንስ አንብቦ ነው።

ሌላም ችግር አለ። እነዚህ መጽሔቶች ስለ አፍሪካ የነበራቸው ሥዕል አስቀያሚ ነው። «ጀንግል ስቶሪስ» የተባለው ከ1938 እስከ 1954 ሙሉ ዕድሜውን በነጭ ጀግናና በጨለማ ጫካ ተረት ነው የኖረው። እስያዊው ክፉ ሊቅ፣ ጥቁሩ አሽከር፣ ከጦር ሜዳ የሚሸሸው «አገሬ» ሰው፤ ሁሉም አለ። ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ «የዘመኑ ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። ማለፍ አይገባም፤ ማቃጠልም አይገባም። በ1930ዎቹ አንድ የኦሃዮ ገበሬ ስለ አፍሪካ ምን ያውቅ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከመንግሥታት ማኅበር ቃለ ጉባኤ ሳይሆን ከእነዚህ ሽፋኖች ነው።

ለዚያ ሥዕል በዚያው ዘመን፣ በዚያው ርካሽ ወረቀት ላይ መልስ የሰጠ ሰው ነበር። ጆርጅ ስካይለር ይባላል። በ1895 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። «ፒትስበርግ ኩሪየር» በተባለው የጥቁሮች ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በሚጽፈው ምፀት የታወቀ ነው፤ በ1931 ያሳተመው የቀልድ ልቦለድ ጥቁሮችን ነጭ የሚያደርግ ማሽን የፈለሰፈ ሐኪም ታሪክ ሲሆን፣ በነጭ ዘረኞችም በጥቁር መሪዎችም እኩል ይስቃል።

በኦክቶበር 1935 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ሃርለም በሰልፍ ተናወጠች፤ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ለመዝመት ፈለጉ፤ የአሜሪካ ሕግ ግን በሌላ አገር ጦር መሰለፍን ስለሚከለክል አብዛኞቹ ቀሩ። ጋዜጣው ታሪክ ጸሐፊውን ጆኤል ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ እርሱም ንጉሠ ነገሥቱን አነጋግሮ ዘገበ። በዚያው ወር ስካይለር በዚያው ጋዜጣ «የኢትዮጵያ ግድያ ምስጢር» የሚል ተከታታይ ልቦለድ ማውጣት ጀመረ። አንድ የኢትዮጵያ ልዑል በሃርለም ተገድሎ ይገኛል፤ መርማሪዎች ከሰላዮች ጋር ይተናነቃሉ፤ ነገሩ ወደ ጦርነቱ ይመዘዛል። መልኩ ሙሉ በሙሉ የፐልፕ መልክ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሰውን አንጠልጥሎ ያቆማል፤ ቀጣዩን ለማንበብ ቀጣዩን ሳምንት መግዛት ግድ ነው። ልዩነቱ መርማሪውም፣ ልዑሉም፣ ጀግናውም ጥቁር መሆናቸው ነው።

ከ1936 እስከ 1938 ሳሙኤል ብሩክስ በሚል የብዕር ስም አንድ ጥቁር ሐኪም በምስጢር ድርጅትና በአዲስ የጦር መሣሪያ አፍሪካን ከቅኝ ገዢዎች ነፃ የሚያወጣበትን ሌላ ተከታታይ ጻፈ። በ1938 ደግሞ «የኢትዮጵያ አመፅ» መጣ፤ አንድ ሀብታም ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት ጋር ተገናኝቶ በጣሊያን ላይ ለሚነሣው አመፅ ገንዘብ ፍለጋ አብሯት ይሄዳል።

ስካይለር ለእነዚህ ሥራዎች ያለው ግምት ዝቅተኛ ነበር። ለሥራ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ አንባቢ የሚወደውን እያየ ያቀናበረው ተራ የእንጀራ ሥራ መሆኑን ሳያፍር ተናግሯል። ሊታመን ይገባዋል፤ ታሪኮቹ ሩጫ ይበዛባቸዋል፤ ኢትዮጵያውያን ገጸ ባሕርያቱም ኢትዮጵያን ባላየ ሰው የተፈጠሩ መሆናቸው ያስታውቃል። ቢሆንም ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ማዕረግ አይደለም። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ በነበረችባቸው ዓመታት፣ ታላላቅ መንግሥታት ወረራውን ተራ በተራ ሲያጸድቁ፣ በፒትስበርግ፣ በቺካጎና በሃርለም ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ በየሳምንቱ ሳንቲሙን ከፍሎ ኢትዮጵያ ስታሸንፍ ያነብ ነበር። ይህን ስሜት የትኛውም የዲፕሎማሲ ሰነድ አልመዘገበውም።

ታሪኮቹም እንደ ሌላው ጋዜጣ ተረሱ። ብሩክስ የተባለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያወጣቸው የማርከስ ጋርቬይን ሰነዶች ሲያዘጋጅ የቆየው ታሪክ ጸሐፊ ሮበርት ሂል ነው። ከጋዜጣው ገጾች ተለቅመው «ጥቁር ኢምፓየር» በ1991፣ ሁለቱ የኢትዮጵያ ታሪኮች ደግሞ በ1994 በኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ ወጡ። ስካይለር በ1977 ሞቷል፤ አላየውም።

ጋዜጣው ባይቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም። ስለ አቀማመጡ ደግሞ በአሜሪካ ከባድ ክርክር ተካሂዷል። ቤተ መጻሕፍት ለአሥርት ዓመታት የድሮ ጋዜጦችን በማይክሮፊልም እያነሡ ዋናውን ሲያስወግዱ ኖሩ፤ ምክንያታቸው ወረቀቱ ሊፈራርስ ነው የሚል ነው። መፈተኛቸውም የገጹን ማዕዘን ወዲያና ወዲህ ማጠፍ ነበር፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከተቆረጠ «ሞቷል» ይባላል። ደራሲው ኒኮልሰን ቤከር በ2001 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አጥብቆ ተቸ። መጽሐፍ የሚነበበው ማዕዘኑ እየታጠፈ አይደለም፤ ሊፈራርስ ነው የተባለው ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላም ይገለጣል፤ ፊልሙ ግን ደብዛዛ ነው፣ ቀለም የለውም፣ የጎደለ ገጽ አለበት አለ። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካ ጋዜጦቹን ለመሸጥ ሲያወጣ ቤከር ራሱ ገዝቶ መጋዘን ተከራይቶ አስቀመጣቸው፤ በ2004 ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ብዙ ትናንሽ ጋዜጦች የተረፉት በዚያው በተተቸው ፊልም ነው። ቤከር ስለ ወረቀቱ ልክ ነበር፤ ስለ ፊልሙ ግን ትንሽ ጨክኗል።

በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ክርክር ሲሰማ ትዝ የሚለው የቆሎ መጠቅለያ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላ እንደ አሸን የፈሉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ ከነቀልዳቸው፣ ከነፍቅር ታሪካቸው፣ ከነፖለቲካ ስድባቸው፣ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስኳርና ቆሎ ተጠቅልሎባቸው ነው። በወመዘክርና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ የተቀመጠ አለ። ያልተቀመጠው ደግሞ ካለ የሚገኘው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ፣ አለዚያም በየሰፈሩ «አትንኩብኝ» እያሉ ካርቶን ከአልጋ ሥር ከሚያኖሩ ሰዎች ቤት ነው።

«የኢትዮጵያ አመፅ» የመጨረሻ ክፍሉ የወጣው በጃንዋሪ 1939 ነው። በዚያ ሳምንት ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ፤ አርበኞቹም በየበረሃው። ጃንሆይ አዲስ አበባ ሊገቡ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ይቀሩ ነበር።